ብራና ላይ የተሣለው ሐረግ እየተላጠ ነው፤ ጥፋቱ ከቆዳው ነው ከሙጫው?

ዘመንዝ፦

ሰላም ለቤቱ። የብራናን ነገር የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ቦታው ደብረ ብርሃን ነው። ቆዳው ከመንዝ የመጣ የበግ ቆዳ፤ 4 ቀን ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የተፋቀ። ሁለት ቅጠል ወጥቶታል። በአንደኛው ከጽሑፉ ራስጌ የሚውል ሐረግ (የጉንጉን ጌጥ)፣ በሁለተኛው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቹና ከነብሮቹ ጋር ተሥለዋል። ሥራው ነሐሴ ላይ አለቀ። ኅዳር ሲገባ ቀዩና ቢጫው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ጠርዝ ጠርዙ እየተነሣ መርገፍ ጀመረ። ጥቁሩ አይረግፍም፤ ግን ጣት ሲነካው ይለቃል።

ጥቁሩ የኩራዝ ጥላሸት በውኃና በጥቂት ሙጫ ነው። ቀዩና ቢጫው ከገበያ የተገዛ የዱቄት ቀለም ሆኖ በወፍራም የግራር ሙጫ ተበጥብጦ፣ ደመቅ እንዲል ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተቀብቷል።

መላጡ ከምን መጣ? የበግ ቆዳ ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው? ሌላም አለ፤ በሐረጉ ጫፍ በሚወጡት ወፎች ፋንታ የመንዝ ጓሳ ተራራን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ብናስገባ ከሥርዓቱ ወጣን ይባላል?

ብዕረ መቃ፦

ነገሩ ከቆዳው ይጀምራል። የመንዝ በግ ለባና፣ ለዝተት፣ ለካባ ወደር የለውም፤ ለብራና ግን ፍየልን አይተካም። በበግ ቆዳ ከጠጉሩ ሥር ካለው ሽፋንና ከታችኛው መካከል ስብ ይቀመጣል። ስቡ ከቀረ ቀለም አያስይዝም። ስቡ ሲወጣ ደግሞ ክፍተት ይተዋል፣ የላዩ ሽፋን ከታችኛው ይለቃል። ስለዚህ ከሚረግፈው ቅርፊት አንዱን አንሥተህ ጀርባውን እየው። ጀርባው ላይ ቃጫ የመሰለ ስስ ቆዳ ከተጣበቀ የተላጠው ብራናው ራሱ ነው። ጀርባው ንጹሕ ቀለም ከሆነ ግን ጥፋቱ የስቡ ወይም የሙጫው ነው።

ለሚቀጥለው መካከለኛ ዕድሜ ያለው፣ ያልሰባ ፍየል ምረጥ። ከመግዛትህ በፊት የሥጋውን ወገን ገልብጠህ ወደ ብርሃን ያዝና ተመልከት። ገፋፊው ቢላ ያስነካበት የጤፍ ፍሬ የምታህል ጭረት፣ ቆዳው ሲወጠር የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ትሆናለች። በድሮ መጻሕፍት ላይ በጅማት ተሰፍታ፣ ወይም ጸሐፊው ፊደሉን በግራና በቀኝ ከፍሎ ዘሏት የምናያት እሷ ናት።

መዘፍዘፉ ከ2 እስከ 3 ቀን ይበቃል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ 4 ቀን ቢሆንም አይከፋም። ውኃው ግን በየቀኑ ይለወጥ። በእኛ አሠራር ኖራ አይገባም፤ ጠጉሩ የሚነሣው በስለት ነው። ስለዚህ ጠጉሩ በጣት ሲሳብ እሺ ብሎ መነቀል ከጀመረ «ሥራው ቀለለልኝ» ብለህ ደስ አይበልህ፤ ቆዳው መበስበስ ጀምሯል። እንዲህ ያለው ሲወጠር ይቀደዳል፤ ባይቀደድም ቀለም ሲነካው እንደ መጥረጊያ ወረቀት ይመጥጣል።

ሲወጠር ዙሪያውን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየበሳህ በጠፍር ከመወጠሪያው እንጨት ጋር እሰር። የጓሳ ገመድም ይሆናል፤ ጓሳው ሣር ግን ለዘመናት በየተራ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ ስለሆነ እንደፈለጉ ገብተው የሚያጭዱት አይደለም፣ የተገመደውን ከገበያ መግዛት ይሻላል። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያሉትን ጥንድ ጥንድ እያደረግህ ሳብ። አንዱን ወገን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከዞርህ ብራናው ተንጋዶ ይደርቃል፤ ያ ንጋድ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

የሥጋውን ወገን ቆዳው እርጥብ ሳለ ፋቀው፤ ሞራና ሥጋ የሚለቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይድረቅ። የእኩለ ቀን ፀሐይ እርጥብ ቆዳ ላይ ካረፈ ቆዳው ቀንድ መሳይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ልሙጥ ይሆናል፤ ቀለምም አይዝም። የአንተው ሁለተኛ ጥፋት ይሄ ይመስለኛል። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ሌሊት ደጅ አይደር፤ ውርጩ ሲያርፍበት ቆዳው ረጥቦ ይላላል፤ ጠዋት ጠፍሩን እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። ጠጉሩ ቆዳው ከደረቀ በኋላ በመጥረቢያ መሰል ስለት ተላጭቶ፣ መጨረሻ ላይ ውኃ ላይ በሚንሳፈፈው ቀዳዳማ ድንጋይ ይታሻል።

ከመጻፍህ በፊት ዳር ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ጣል። እንደ ሉል ተንከባልላ ከተቀመጠች ስብ አለ። ወዲያው ከጠጣትና ዙሪያዋን ካበጠች ብራናው ከልክ በላይ ተፍቋል። ቀስ ብላ ተዘርግታ ከቆየች ልክ ነው። ስብ ካለ ጠመኔ ወቅተህ በወንፊት ነፍተህ ነስንስ፣ በጨርቅ እሸው፣ አሳድረህ አራግፈው፤ ካልበቃው ድገመው።

ቀይ አፈር፦

የኔታ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በግ ላይ መጫኑ ግን አልዋጥ አለኝ። ፍየልም ቢሆን ይህ ቀለም ይላጥ ነበር።

ወሮቹን እዩአቸው። ሥዕሉ ያለቀው ነሐሴ ነው፣ መላጥ የጀመረው ኅዳር ነው። ብራና በክረምት ጭጋግ እርጥበት ስቦ ይለጠጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ሙጫ የበዛበት፣ ሦስት እጥፍ የተቀባ ቀለም ግን ደርቆ እንደ ብርጭቆ ስለሚሆን አብሮት አይሰበሰብም፤ ታችኛው ሲጠብ እሱ ተሰንጥቆ ጠርዙን ያነሣል። «ደመቅ እንዲል» የተባለችው ሦስተኛዋ ቅብ ናት ጉዱን ያመጣችው። የድሮዎቹን በማጉያ መነጽር ብናይ ከሥሩ የብራናው ቃጫ እስኪታይ ድረስ ስስ ነው፤ ድምቀቱ ከቀለሙ ጥራት እንጂ ከውፍረቱ አይደለም።

የሙጫው ልክ፦ 100 ግራም የግራር ሙጫ ወቅተህ በ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አሳድር። በማግስቱ በነጠላ አጥልለው፤ ቅርፊትና አሸዋ ሁልጊዜ አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ጨምርበት፤ ማሩ ሙጫውን ያለዝበዋል፣ አይሰነጠቅም። ከዚያ በላይ ማር ከገባ ግን ክረምት ላይ ገጽና ገጽ ይጣበቃል። ቀለሙን መጀመሪያ በውኃ ብቻ ድንጋይ ላይ በመጅ አልመው፣ ሊጥ ሲመስል የሊጡን ግማሽ ያህል ሙጫ በጥቂት በጥቂቱ ጨምር። ቁራጭ ብራና ላይ ቀብተህ ይድረቅ። በጣት ሲታሽ ዱቄት ከተነሣ ሙጫ አነሰ። ካብረቀረቀና ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ሙጫ በዛ። የአንተ ቀይ የሁለተኛው ዓይነት ነው፣ ጥቁሩ የመጀመሪያው።

ስለ ጥቁሩ። የኩራዝ ጥላሸት ቅባታም ስለሆነ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይዋሐድም። ከውኃ በፊት በጥቂት አረቄ አርጥበህ እሸው፣ እሺ ይላል። ከዚያ 3 እጅ ጥላሸት በ1 እጅ ደረቅ ሙጫ (ሚዛኑ በክብደት) ከላይ እንዳልኩት ሙጫው ከሟሟ በኋላ ለውስና ረጅም ጊዜ እሽ። የሀገራችን ጸሐፊዎች ከጥላሸቱ ጋር እስኪከስል የተቆላ እህል ወቅተው ይጨምራሉ፣ ከዚያም ለወራት እያማሰሉ ያስቀምጡታል። ባንድ ጀንበር የተበጠበጠ ቀለም ደረቀ እንጂ አልበሰለም። ከብዕሩ ላይ ወርዶ ጠብ ካለ ቀጥኗል፤ ክዳኑን ከፍተህ ውኃው ይትነን። መቃው ላይ ከተጋገረ ደግሞ ውኃ ጨምር፣ ሙጫ አትጨምር።

ቀዩን ከገበያ ከመግዛት ከቀይ አፈር ማውጣት ይቻላል። አፈሩን ንፋ፣ በባልዲ ውኃ በጥብጥ፣ አሸዋው እንዲወርድ አንድ ደቂቃ ጠብቅና የላዩን ደፍራሽ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጥ። እሱ ሌሊቱን ይዝቀጥ፤ ጠዋት የጠለለውን ውኃ ቀድተህ አተላውን አድርቅ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም በጥርስ መካከል እንኳ ኮረት አይገኝበትም። የድሮው ደማቅ ቀይ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የሜርኩሪ ማዕድን ነው፣ ቢጫው ደግሞ የአርሰኒክ ማዕድን፣ አረንጓዴውም ብዙ ጊዜ ያው ቢጫ ከኒል ሰማያዊ ጋር ተደባልቆ የወጣ ነው። ሁለቱም ማዕድናት መርዝ ናቸው፤ «እንደ አባቶች ልሥራ» ብሎ ደረቁን መውቀጥ ሳንባ መሸጥ ነው። ለቢጫ ቢጫ አፈር በቂ ነው፣ ብርሃንም አያደበዝዘውም።

ዘመንዝ፦

ቅርፊቱን አየሁት። የቀዩ ጀርባ ንጹሕ ነው፤ ከአንበሳው ጋማ ላይ የወደቀው ቢጫ ግን ከጀርባው ነጭ ቃጫ ይዟል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ማለት ነው።

ሐረግ መዛዥ፦

የቆዳውንና የሙጫውን ጨረሱልን፤ ወደ ሥዕሉ ልግባ።

ሐረግ ስሙ ራሱ ተክል ነው። ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣውን ሐረግ ነው ጸሐፊው ከገጹ ራስ የሚያወርደው፤ የዘር ሐረግ ስንልም ያው ምስል ነው። ግን አንድን የታወቀ ተክል አይመስልም፤ ቅጠሉን ቆጥረህ «ይሄ ግራዋ ነው፣ ይሄ ሬት ነው» የምትለው አይደለም። የእንስሳትና የአእዋፍ ሥዕል በመጽሐፍ ላይ ከሐረግ ይቀድማል፤ በካርቦን ምርመራ በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተቀመጡት የአባ ገሪማ ወንጌላት ላይ በወንጌል ቀመሩ (አራቱን ወንጌላት በሚያስተያየው ሠንጠረዥ) ቅስቶች ዙሪያ ወፎች አሉ። ሐረግ እጅግ ያበበው በ15ኛው መቶ ዓመትና በ16ኛው መጀመሪያ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደብረ ብርሃንን የቆረቆረበት ዘመን መሆኑ ነው። (በነገራችን ላይ፣ በጣሪያዋ ላይ የመላእክት ፊት የተሣለባት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለችው ጎንደር ነው። ከተማችን ድረስ መጥተው የሚጠይቁ አሉ።)

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ይጽፋል፣ ለሐረጉ ቦታ ይተዋል። ክፈፉን በወስፌ ጫፍ ያለ ቀለም ጫን ብለህ አስምር፤ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ ውጋ። ነጥቦቹ ሐረጉ የሚታጠፍባቸው ናቸው። የሐረጉን ወርድ 3 ሚሊ ሜትር አድርገህ በሁለት ትይዩ መስመር ከነጥብ ወደ ነጥብ ውሰደው። መሻገሪያው ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ አንዴ ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ከታች ያልፋል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከታች ካለፈ ጉንጉኑ ይበጠሳል፤ ዓይን ምክንያቱን ሳያውቅ አንድ ነገር እንደጎደለ ያያል። ስለዚህ ቀለም ሳይነካው፣ ገና በእርሳስ እንዳለ፣ አንዱን ሐረግ ከሥሩ እስከ ጫፉ በጣትህ ተከተልና «ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች» እያልህ ቁጠር። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማዕዘን ላይ ነው፤ ሐረጉ ሲዞር ቁጥሩን እንዳዲስ የሚጀምር ሰው አለ።

ቀለሙ ቢጫ ይቀድማል፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴና ሰማያዊ፤ ጥቁሩ መስመር መጨረሻ ነው። ጥቁሩን አስቀድመህ ካሰመርህ እርጥብ ቀይ ሲነካው ይፈታና አመድ ያስመስለዋል። አንዳንዱን ቦታ ባዶ ብራና ተወው። ነጩ ሐረግ ያልተቀባው ቆዳ ነው፤ የተቀባ ነጭ አይደለም።

አሁን ወደ ጭላዳው። ሐረግ ጫፍ ላይ የወፍ ራስ፣ አንዳንዴም እንስሳ ይወጣል፤ ይህ ጌጥ ነው፣ ትርጓሜ አልተጻፈለትም። ስለዚህ ጭላዳ በሐረግ ጫፍ ቢቀመጥ ነውር የለውም። ከቅዱሱ ጎን ግን አይቆምም፤ እዚያ ያለው እንስሳ ሁሉ ከገድሉ የመጣ ነው። ገድሉ 60 አናብስትና 60 አናምርት ይላል። ሠዓሊ 120 አይሥልም፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ያቆማል። ሲሆን አንበሳው ባንድ ወገን ነብሩ በሌላው ይሁን፣ አለዚያም ይፈራረቁ። ከጻድቁ ዓይን እንባ የምትጠጣዋን ወፍ አትርሳ፤ እሷ ከሌለች ጠጉር የለበሰ ማንኛውም ባሕታዊ ይመስላሉ። ነብሩን የሚያበላሹት ደግሞ ነጠብጣቡን ድፍን ጥቁር እያደረጉ ነው፤ ቀረብ ብለህ ብታየው ከውስጡ ጠቆር ያለ ቢጫ ያለበት የተቆራረጠ ቀለበት ነው። ቢጫው ሲደርቅ መሐሉን በቀይ አፈርና በቢጫ ድብልቅ አስነካ፣ ዙሪያውን በሦስት አጫጭር ጥቁር ጭረት ክበብ።

ፊት ለፊትና በጎን የሚባለው ነገርም አለ። በእኛ ሥዕል ሁለት ዓይኑ የሚታየው የጽድቅ ወገን ነው፣ ባንድ ዓይን በጎን የሚሣለው የክፋት ወገን። ሕጉ ለሰዎች የበረታ ነው፤ የአቦ አንበሶች ግን ገራም ስለሆኑ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ቢያዞሩ ያምራል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ዘንዶ ግን በጎን ተወው።

ቀይ ቀበሮው ላይ ትንሽ አስብበት። ጥንት ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳት መጽሐፍ አንበሳ ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል፣ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል እያለ ለክርስቶስ ምሳሌ ያደርገዋል። ቀበሮን ግን የሞተ መስሎ ትንፋሹን አምቆ ይጋደማል፣ ሊበሉት የሚወርዱትን ወፎች ይይዛል ይልና የዲያብሎስ ተንኮል ምሳሌ ያደርገዋል። የጓሳው ቀይ ቀበሮ በሳይንሱ ከተኩላ ወገን ነው፤ የሚኖረውም በአይጥና በፍልፈል ነው። ስሙ ግን ቀበሮ ነው፤ መጽሐፍ የሚያውቅ ካህን ሐረጉ ላይ ወፍና ቀበሮ ፊት ለፊት ካየ ያንኑ ያነብበዋል። ስለዚህ ከወፎቹ ለይተህ በታችኛው ጠርዝ ለብቻው አስቀምጠው።

ቀለሙ ለሁለቱም ይመቻል። ቀበሮው ቀይ አፈር፣ ጉሮሮውና ደረቱ ባዶ ብራና፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። ጭላዳው ቀይ አፈር በጥቂት ጥላሸት ተደባልቆ ቡናማ ይሆናል፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ገላጣ ቦታ ከሁሉ በፊት ቅባት፣ ጋማውን በዙሪያዋ አውርድ። በኋላ እጨምራታለሁ ካልህ ቡናማው ላይ ቀይ አይደምቅም።

ድጉስ፦

ከቀለሙም ከቆዳውም ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላ ቅጠል ተንጠልጥሎ ከኖረ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ስስ ቢሆን ይነቃነቃል። ብራና የሚረጋው ሲጫነው ነው። አራት ድርብ ቅጠል ባንድ ጥራዝ አድርግ፤ የሥጋ ወገን ከሥጋ ወገን፣ የጠጉር ወገን ከጠጉር ወገን ፊት ለፊት ይግጠም፤ አለዚያ ሁለቱ ወገኖች የሚሸበሸቡት ለየቅል ስለሆነ መጽሐፉ እንደ ቆሎ ይንጣጣል። ሰሌዳው ዋንዛ ወይም ወይራ ይሁን፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በደንብ የደረቀ። እርጥብ እንጨት ራሱ ይጎብጣል። ከድጉሱ (ሰሌዳውን ከሚያለብሰው ጌጠኛ ቆዳ) በኋላ ማኅደር፣ ማለት የቆዳ ማንገቻ ከረጢት፣ ይሠራለት፤ ከምድጃና ከመስኮት ራቅ አድርገህ ስቀለው።

ዘመንዝ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የተሣለውንስ ምን ላድርገው? ቫርኒሽ ልቀባው?

ቀይ አፈር፦

ቫርኒሽ አታስነካው። ብራናው መተንፈሻ ያጣል፣ ይቢጫል፣ አንዴ ከጠጣው አይወጣም። ቀዩን እንዲህ አድርግ፤ 2 ግራም ጀላቲን በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ውኃ አሟሟ፣ ፀጉሩ ቀጭን በሆነ ብሩሽ ከተነሣው ጠርዝ ሥር አንዲት ጠብታ አስገባ፣ ራሷ ትሳባለች። አንድ ደቂቃ ቆይተህ በማይጣበቅ ወረቀት ላይ አድርገህ በጣትህ ጀርባ ጫን፣ ከዚያ ከቀላል ክብደት ሥር አሳድረው። ጥቁሩን አትንካው፣ ውኃ ሲያገኝ ይፈሳል።

ብዕረ መቃ፦

የአንበሳው ጋማ ግን አይድንም፤ የላዩ ሽፋን ከቆዳው ተለያይቷል። ያን ቅጠል ለቀለም መሞከሪያ ቆራርጠው፣ አቦን በፍየል ላይ እንደገና ሣላቸው። ደግሞ ይህ ሁሉ ለአዲስ ሥራ የተባለ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ የድሮ መጽሐፍ ቢመጣልህ ቅርፊቱን እንኳ እፍ እንዳትልበት።